የቻይና ፖከር

የቻይና ፖከር ከ2 እስከ 4 ሰዎች በአንድ እሽግ 52 ካርታ የሚጫወቱት የካርታ ጨዋታ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች 13 ካርታ ይደርሰዋል፤ እነዚህንም በሦስት ረድፍ ይደረድራቸዋል፦ 3 ካርታ በፊት፣ 5 ካርታ በመካከል፣ 5 ካርታ በኋላ። ከዚያ ተጫዋቾቹ ረድፎቻቸውን ገልጠው ፊትን ከፊት፣ መካከልን ከመካከል፣ ኋላን ከኋላ ጋር ያወዳድራሉ። ረድፎቹ የሚመዘኑት በተለመደው የፖከር ደረጃ ስለሆነ ጨዋታው ፖከር ይባላል እንጂ፣ ፖከርን ፖከር ያሰኙት ሌሎች ነገሮች ማለትም በየዙሩ ገንዘብ መጨመር፣ ማስፈራራትና ካርታ ጥሎ መውጣት በውስጡ የሉም። በዚህም ምክንያት ቴክሳስ ሆልደም እና ኦማሃ የመሳሰሉትን የተለመዱ የፖከር ዓይነቶች የሚያዘወትሩ ሰዎች እንደ ማረፊያ ይጫወቱታል።

ስያሜው

«የቻይና ፖከር» ጨዋታው በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ የተሰጠው ስም ነው። በምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅ እስያ ግን በአብዛኛው የሚታወቀው በካርታዎቹ ብዛት ወይም በአደራደሩ ነው። በቻይንኛ የሚጠራበት ስም «አሥራ ሦስት ካርታ» እንደ ማለት ነው። በኢንዶኔዥያ ካፕሳ ሱሱን ይሉታል፤ ካፕሳ ከሆክየን ቻይንኛ የተወሰደ ሲሆን አሥራ ሦስት ማለት ነው፤ ሱሱን ደግሞ በኢንዶኔዥያ ቋንቋ መደርደር ማለት ነው። በፊሊፒንስ ፑሶይ ይባላል። ይህ ስም በዚያው አገር ከሚዘወተረው ፑሶይ ዶስ ከተባለው ጨዋታ ጋር ሊያምታታ ይችላል፤ ፑሶይ ዶስ ግን ካርታን ተራ በተራ በመጣል ቀድሞ የመጨረስ ጨዋታ ስለሆነ አካሄዱ ፈጽሞ የተለየ ነው።

ከተለመዱት የፖከር ጨዋታዎች የሚለይበት

በቴክሳስ ሆልደም እያንዳንዱ ተጫዋች ለብቻው 2 ካርታ ይይዛል፤ በጠረጴዛው መሀል ደግሞ ለሁሉም የሚያገለግሉ 5 ካርታዎች ደረጃ በደረጃ ይገለጣሉ። በመካከሉ አራት የውርርድ ዙሮች አሉ። በእያንዳንዱ ዙር ተጫዋቹ ገንዘብ መጨመር፣ ሌላው የጨመረውን ማስተካከል ወይም ካርታውን ጥሎ መውጣት ይችላል። ስለዚህ የተሻለ ካርታ የያዘ ሁልጊዜ አያሸንፍም፤ ደካማ ካርታ ይዞ ጠንካራ የያዘ የሚመስል ሰው ሌሎቹን አስፈራርቶ ሊያስወጣቸው ይችላል። የጨዋታው ዋና ጥበብም የሌላውን ሰው ሐሳብ መገመትና የራስን መደበቅ ነው።

ይህ ጥበብ አድካሚ ነው። ጥሩ ተጫዋች የሚደርሱትን አብዛኞቹን ካርታዎች ወዲያው ስለሚጥል ረጅም ሰዓት የሚያሳልፈው በመጠበቅ ነው፤ እየጠበቀም ሌሎቹ እንዴት እንደሚጫወቱ መከታተል አለበት። ለመጫወት በወሰነ ጊዜ ደግሞ አንድ ስህተት የያዘውን ገንዘብ በሙሉ ሊያሳጣው ይችላል።

በቻይና ፖከር ይህ ሁሉ ይቀራል። የአንድ ነጥብ ዋጋ ከመጀመሩ በፊት በስምምነት ይወሰናል፤ ካርታ ከታደለ በኋላ የሚጨመርም የሚቀነስም ነገር የለም። ሁሉም ሰው በሁሉም ዙር ይሳተፋል፤ ተራውን ጠብቆ የሚቀመጥ የለም። ፊትን መቆጣጠርም ሆነ የሌላውን ፊት ማንበብ ጥቅም የለውም፤ ምክንያቱም ተቃራኒው ተጫዋች ምንም ዓይነት ውሳኔ በሌላው ሁኔታ ላይ ተመሥርቶ አይወስንም። የተጫዋቹ ሥራ አንድ ብቻ ነው፦ የደረሰውን 13 ካርታ ከሁሉ በተሻለ መንገድ መክፈል። ጥያቄው «እሱ ምን ይዟል?» ከሚለው ወደ «እኔ በያዝኩት ምን ላድርግ?» ወደሚለው ይዞራል። ማረፊያ የሚያሰኘውም ይኸው ነው፤ አእምሮ ሥራ አይፈታም፣ ነገር ግን ሥራው ከፉክክር ይልቅ እንቆቅልሽ ወደ መፍታት ያደላል። በዚያ ላይ ድርደራው ካለቀ በኋላ የሚደበቅ ነገር ስለሌለ ጨዋታና ወግ አብረው ይሄዳሉ።

የእጆች ደረጃ

የ5 ካርታ ረድፎች የሚመዘኑት በመደበኛው የፖከር ቅደም ተከተል ነው። ከከፍተኛው ወደ ዝቅተኛው ሲዘረዘሩ፦

1. ሮያል ፍለሽ፦ አንድ ምልክት ያላቸው 10፣ ጃክ፣ ኩዊን፣ ኪንግ እና ኤስ።
2. ስትሬት ፍለሽ፦ አንድ ምልክት ያላቸውና በቁጥር የተከታተሉ 5 ካርታዎች።
3. አራት ተመሳሳይ፦ ለምሳሌ አራት 8።
4. ፉል ሀውስ፦ ሦስት ተመሳሳይ ከአንድ ጥንድ ጋር።
5. ፍለሽ፦ ቁጥራቸው ባይከታተልም አንድ ምልክት ያላቸው 5 ካርታዎች።
6. ስትሬት፦ ምልክታቸው ቢለያይም በቁጥር የተከታተሉ 5 ካርታዎች።
7. ሦስት ተመሳሳይ።
8. ሁለት ጥንድ።
9. አንድ ጥንድ።
10. ከፍተኛ ካርታ፦ ከላይ ያሉት ሁሉ ሳይገኙ ሲቀር በትልቁ ካርታ ብቻ መመዘን።

የፊቱ ረድፍ 3 ካርታ ብቻ ስላለው በተለመደው ደንብ ሊኖሩት የሚችሉት ሦስት ተመሳሳይ፣ አንድ ጥንድ ወይም ከፍተኛ ካርታ ናቸው። ሦስት የተከታተሉ ወይም አንድ ምልክት ያላቸው ካርታዎች በፊት ረድፍ ላይ እንደ ስትሬት ወይም እንደ ፍለሽ አይቆጠሩም። ኤስ ከሁሉም ትልቁ ካርታ ሲሆን ከ2፣ 3፣ 4 እና 5 ጋር ሆኖ ስትሬት ሲሠራ ግን እንደ 1 ይቆጠራል።

አጨዋወቱ

አዳዩ ካርታውን በውዞ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ እያለ 13 እስኪሞላ ድረስ ፊቱን ሸፍኖ ያድላል። አራት ሰዎች ሲጫወቱ 52ቱም ካርታ ያልቃል፤ ሦስት ሲሆኑ 13፣ ሁለት ሲሆኑ 26 ካርታ ሳይታደል ይቀራል። አዳይነቱ በየዙሩ ለቀጣዩ ሰው ይተላለፋል።

እያንዳንዱ ተጫዋች ካርታዎቹን አይቶ በሦስት ረድፍ ከፍሎ ከፊቱ ያስቀምጣል። የማይጣስ አንድ ደንብ አለ፦ የኋላው ረድፍ ከመካከለኛው፣ የመካከለኛውም ከፊተኛው ያነሰ መሆን የለበትም። ይህን ያፋለሰ ተጫዋች ድርደራው እንደ ተበላሸ ተቆጥሮ በትክክል ለደረደሩት ሁሉ በሦስቱም ረድፍ እንደ ተሸነፈ ይከፍላል። ለምሳሌ በፊት ረድፍ ጥንድ ኩዊን አስቀምጦ በመካከሉ ጥንድ 9 ብቻ ያደረገ ሰው ድርደራውን አበላሽቷል፤ ምክንያቱም ጥንድ ኩዊን ከጥንድ 9 ይበልጣል። ይህ ስህተት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ካለማወቅ ሳይሆን ከችኮላ ስለሆነ ጀማሪዎች ካርታውን ከማስቀመጣቸው በፊት ከኋላ ወደ ፊት አንድ ጊዜ ቢመረምሩት ይጠቅማቸዋል።

ሁሉም ደርድሮ ሲጨርስ ረድፎቹ ይገለጣሉ። እያንዳንዱ ተጫዋች ከሌሎቹ ከእያንዳንዳቸው ጋር ለየብቻ ይወዳደራል። ስለዚህ በአራት ሰው ጨዋታ አንድ ሰው በአንድ ዙር ከ3 ተቃራኒዎች ጋር በ3 ረድፍ፣ በጠቅላላው 9 ጊዜ ይወዳደራል ማለት ነው።

የድርደራ ምሳሌ

አንድ ተጫዋች የሚከተሉት 13 ካርታዎች ደረሱት እንበል፦ የስፔድ ኤስ፣ 10፣ 8፣ 6 እና 3፤ የልብ ኪንግ፣ ኩዊን እና 9፤ የዳይመንድ ኪንግ፣ 9 እና 4፤ የክለብ ኩዊን እና 2።

አምስቱ የስፔድ ካርታዎች በኤስ የሚመራ ፍለሽ ስለሚሆኑ ለኋላ ረድፍ ተገቢ ናቸው። የቀሩት ሦስት ጥንዶች (ኪንግ፣ ኩዊን፣ 9) እና ሁለት ነጠላ ካርታዎች (4 እና 2) ናቸው። እነዚህን ለመክፈል ሦስት መንገዶች አሉ፦

• በመካከል ጥንድ ኪንግ እና ጥንድ ኩዊን፣ በፊት ጥንድ 9።
• በመካከል ጥንድ ኪንግ እና ጥንድ 9፣ በፊት ጥንድ ኩዊን።
• በመካከል ጥንድ ኩዊን እና ጥንድ 9፣ በፊት ጥንድ ኪንግ።

ሦስቱም በደንቡ መሠረት ትክክል ናቸው፤ ሁለት ጥንድ ከየትኛውም አንድ ጥንድ ይበልጣልና። ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠው የመጀመሪያውን ነው፤ ትልልቆቹ ጥንዶች አንድ ላይ ሲቀመጡ ያምራሉ። ይሁን እንጂ ሁለት ጥንዶች ከሌላ ሁለት ጥንድ ጋር ሲወዳደሩ መጀመሪያ የሚታየው ትልቁ ጥንድ ነው። ኪንግ በመካከል እስካለ ድረስ አብሮት ያለው ኩዊን ይሁን 9 ለውጥ የሚያመጣው ተቃራኒውም ጥንድ ኪንግ ከያዘ ብቻ ነው፤ ይህም ከስንት አንዴ የሚያጋጥም ነው። በፊት ረድፍ ግን በጥንድ 9 እና በጥንድ ኩዊን መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ዙሮችን ያስበልጣል። ስለዚህ ሁለተኛው መንገድ ከመጀመሪያው ይሻላል። ሦስተኛው ደግሞ ከመካከሉ ትንሽ ቀንሶ ፊቱን ይበልጥ ያጠነክራል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል የሚደረገው ምርጫ ልምድ ያላቸውን ተጫዋቾች እንኳ ሊያከራክር የሚችል ነው። የጨዋታው ጣዕም ያለው እንዲህ ባሉ ውሳኔዎች ውስጥ ነው።

የነጥብ አቆጣጠር

በስፋት የሚታወቁ ሁለት የአቆጣጠር መንገዶች አሉ። ሁለቱም በተሸነፈ ረድፍ 1 ነጥብ ያስከፍላሉ፤ ልዩነታቸው በተጨማሪው ነጥብ ላይ ነው።

በመጀመሪያው፣ 1–6 በሚባለው፣ ተቃራኒውን በሦስቱም ረድፍ ያሸነፈ ተጫዋች ከ3ቱ ነጥብ ሌላ 3 ተጨማሪ አግኝቶ ድምሩ 6 ይሆናል። በሁለት ረድፍ አሸንፎ በአንድ የተሸነፈ ግን የሚተርፈው 1 ነጥብ ብቻ ነው። በሁለተኛው፣ 2–4 በሚባለው፣ ከሦስቱ ረድፎች ብዙውን ያሸነፈ 1 ተጨማሪ ነጥብ ያገኛል፤ በዚህ መሠረት በሁለት ረድፍ ያሸነፈ 2፣ በሦስቱም ያሸነፈ 4 ነጥብ ይኖረዋል።

ለምሳሌ ሀ፣ ለ፣ ሐ እና መ የተባሉ አራት ሰዎች ቢጫወቱና ሀ ለን በሦስቱም ረድፍ ቢያሸንፍ፣ ሐን በሁለት አሸንፎ በአንድ ቢሸነፍ፣ በመ ደግሞ በሁለት ተሸንፎ በአንድ ቢያሸንፍ፣ በ1–6 አቆጣጠር ከለ 6 እና ከሐ 1 ተቀብሎ ለመ 1 ይከፍላል፤ የሚተርፈው 6 ነው። በ2–4 አቆጣጠር ከለ 4 እና ከሐ 2 ተቀብሎ ለመ 2 ይከፍላል፤ የሚተርፈው 4 ይሆናል። እኩል የሆኑ ረድፎች ለማንም ነጥብ አይሰጡም።

አቆጣጠሩ ስልትንም ይለውጣል። በ1–6 ሦስቱንም ረድፍ ማሸነፍ ትልቅ ዋጋ ስላለው፣ በሦስቱም አለመሸነፍም የዚያኑ ያህል ዋጋ አለው፤ ደካማ ካርታ የደረሰው ሰው ቢያንስ አንዱን ረድፍ ለማዳን ይደረድራል። በ2–4 ግን ሁለት ረድፍ ማሸነፍ ራሱ ተጨማሪ ስለሚያስገኝ አንዱን ረድፍ ትቶ በሁለቱ ላይ ማተኮር የበለጠ ሊያዋጣ ይችላል።

በብዙ ቦታዎች ለጠንካራ እጆች ልዩ ጉርሻ ይሰጣል፤ ለምሳሌ በፊት ረድፍ ሦስት ተመሳሳይ፣ በመካከል ፉል ሀውስ፣ ወይም በኋላ አራት ተመሳሳይ ለሠራ። መጠኑ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ስምምነት ይደረግበታል።

በቀጥታ የሚያሸንፉ እጆች

በአንዳንድ ደንቦች 13ቱ ካርታዎች ሳይወዳደሩ ወዲያው የሚያሸንፉበት ሁኔታ አለ። ከእነዚህ ዋናዎቹ፦

• ድራጎን፦ ከ2 እስከ ኤስ ያሉት 13 ቁጥሮች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሲገኙ።
• ስድስት ጥንድ፦ ስድስት ጥንዶችና አንድ ነጠላ ካርታ።
• ሦስት ፍለሽ፦ ሦስቱም ረድፍ እያንዳንዱ በአንድ ምልክት ሲሞላ።
• ሦስት ስትሬት፦ ሦስቱም ረድፍ በቁጥር የተከታተለ ሲሆን።

በመጨረሻዎቹ ሁለት ሁኔታዎች የፊቱ ረድፍ 3 ካርታ ብቻ ቢሆንም እንደ ፍለሽ ወይም እንደ ስትሬት ይቆጠራል። ከሁሉ የሚገርመው ድራጎን ነው። በተራ ዓይን ሲታይ ጥንድ እንኳ የሌለበት ባዶ እጅ ነው፤ ሆኖም ከአንድ እሽግ ካርታ የሚገኘው በአማካይ ከ9,460 እጆች በአንዱ ያህል ብቻ ነው።

ስልት

ሦስቱ ረድፎች እኩል ዋጋ አላቸው። ይህ ቀላል እውነት የስልቱ ሁሉ መነሻ ነው። በኋላ ረድፍ ከሚያስፈልገው በላይ የተከማቸ ኃይል ይባክናል፤ በትንሽ ብልጫ ማሸነፍና በትልቅ ብልጫ ማሸነፍ የሚያስገኙት ያው 1 ነጥብ ነው። በመሆኑም ልምድ ያለው ተጫዋች ጠንካራውን የኋላ ረድፍ ከሠራ በኋላ «ከዚህ ላይ ምን ቢነሳ አሁንም ያሸንፋል?» ብሎ ይጠይቃል፤ የሚነሳውንም ወደ መካከልና ወደ ፊት ያሸጋግራል።

በጀማሪዎች ዘንድ ቸል የሚባለው የፊቱ ረድፍ ነው። ሦስት ካርታ ብቻ ስለሆነ ብዙ ሰው የተረፈውን ይጥልበታል። ነገር ግን በዚያ ረድፍ ሌሎቹም ብዙ ጊዜ ደካማ ካርታ ስለሚያስቀምጡ መጠነኛ ጥንድ እንኳ ብዙ ጊዜ ያሸንፋል፤ ትልቅ ጥንድ ደግሞ ከባድ መሣሪያ ነው።

በአራት ሰው ጨዋታ ሁሉም ካርታ በተጫዋቾች እጅ ስለሚገኝ ከራስ ካርታ ተነስቶ ስለ ሌሎቹ መገመት ይቻላል። አንድም ኤስ ያልደረሰው ሰው አራቱም ኤሶች በሦስቱ ሰዎች እጅ እንዳሉ እርግጠኛ ነው፤ ስለዚህ በፊት ረድፉ በኪንግ የሚመራ ከፍተኛ ካርታ ብቻ አስቀምጦ ብዙ ተስፋ ማድረግ የለበትም። በሁለት ሰው ጨዋታ ግን ግማሹ እሽግ ስላልታደለ እንዲህ ያለው ግምት ይደክማል።

ዕድልና ችሎታ

ከ52 ካርታ 13 የሚመረጥባቸው መንገዶች 635,013,559,600 ናቸው። በቴክሳስ ሆልደም ተጫዋቹ መጀመሪያ የሚይዛቸው 2 ካርታዎች ሊሆኑ የሚችሉት 1,326 ብቻ ስለሆኑ መልካሙንና መጥፎውን አስቀድሞ በሰንጠረዥ ማጥናት ይቻላል። የቻይና ፖከርን ግን እንዲህ በቃል ማጥናት አይቻልም። አንድ የተወሰነ 13 ካርታ ብቻውን 5፣ 5 እና 3 ሆኖ በ72,072 መንገድ ሊከፈል ይችላል። ከእነዚህ አብዛኞቹ ደንቡን የሚጥሱ ወይም ትርጉም የሌላቸው ናቸው፤ በእውነት የሚያመራምሩት ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አምስት የሚሆኑ ናቸው። እነዚህን ጥቂቶች በፍጥነት አይቶ መለየት የችሎታው ዋና ክፍል ነው።

ያም ሆኖ በአንድ ምሽት ጨዋታ ዕድል ሰፊ ድርሻ አለው። ሁለት ጥሩ ተጫዋቾች አንድን እጅ አብዛኛውን ጊዜ በተመሳሳይ መንገድ ይደረድሩታል፤ ስለዚህ በመካከላቸው የሚያበላልጠው የደረሳቸው ካርታ ነው። የችሎታ ልዩነት የሚታየው ከብዙ ዙር በኋላ ነው። ይህ ባሕርይ ጨዋታውን ለማረፊያ የተመቸ ያደርገዋል፤ ጀማሪው ከአዋቂው ጋር ተቀምጦ ተስፋ ሳይቆርጥ ሊጫወት ይችላል። በሌላ በኩል ፖከርን የሚወዱት በማስመሰልና ሰውን በማንበብ ጥበቡ የሆኑ ሰዎች ይህንኑ እንደ ጉድለት ያዩታል።

ክፍት የቻይና ፖከር

ከጥንታዊው ጨዋታ የተወለደው ክፍት የቻይና ፖከር እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽና መጨረሻ በፊንላንድ ተጀምሮ ወደ ሩሲያ፣ ከዚያም ወደ ሌሎች አገሮች ተስፋፍቷል። በዚህ ዓይነት ተጫዋቹ 13ቱን ካርታ በአንድ ጊዜ አያይም። መጀመሪያ 5 ካርታ ተሰጥቶት ሁሉም በሚያየው ሁኔታ በሦስቱ ረድፎች ላይ ያስቀምጣል፤ ከዚያ 13 እስኪሞላ ድረስ በየተራው አንድ አንድ ካርታ እየተቀበለ ይጨምራል። አንዴ የተቀመጠ ካርታ ከቦታው አይነሳም።

ለውጡ ትንሽ ቢመስልም የጨዋታውን መንፈስ ይቀይራል። በጥንታዊው ዓይነት ድርደራን ማበላሸት የችኮላ ስህተት ብቻ ነበር፤ እዚህ ግን ገና ያልመጣን ካርታ ተስፋ አድርጎ የመደርደር ውጤት ነው። ተጫዋቹ የሌሎቹን ካርታ ስለሚያይ የሚፈልገው ካርታ ስንቱ እንደወጣ እየቆጠረ ይወስናል።

ይበልጥ የተወደደበት ምክንያት ፋንታሲ ላንድ የሚባለው ሽልማት ነው። በፊት ረድፉ ጥንድ ኩዊን ወይም ከዚያ በላይ አስቀምጦ ድርደራውን ሳያበላሽ የጨረሰ ተጫዋች በሚቀጥለው ዙር ካርታዎቹን በሙሉ በአንድ ጊዜ ተቀብሎ ሸፍኖ ይደረድራል፤ ሌሎቹ ግን በተለመደው መንገድ አንድ አንድ እያሉ ይቀጥላሉ። ይህን ብልጫ ለማግኘት በፊት ረድፍ ትልቅ ጥንድ መትከል፣ ከዚያም መካከሉና ኋላው እንዲበልጡት መታገል የጨዋታው ትልቁ ፈተና ነው።

ፓይናፕል የሚባለው ሌላ ዓይነት ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ 5 ካርታዎች በኋላ በየተራው 3 ካርታ ይሰጣል፤ ተጫዋቹ 2ቱን አስቀምጦ 1ን ይጥላል። በአራት ተራ 13 ይሞላል። አንድ ሰው በጠቅላላው 17 ካርታ ስለሚያይ ከ3 ሰው በላይ መጫወት አይቻልም፤ ለሦስት ሰው የሚያስፈልገው 51 ካርታ ነውና አንድ እሽግ ለጥቂት ይበቃል።

በውድድር መድረክና ከመድረክ ውጭ

የቻይና ፖከር በላስ ቬጋስ በየዓመቱ በሚካሄደው የዓለም የፖከር ተከታታይ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1995 እና በ1996 ራሱን ችሎ ቀርቦ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በጥንታዊ መልኩ ከመርሐ ግብሩ ወጥቷል። በውድድር ዘላቂ ቦታ ባያገኝም ከውድድሩ ጎን ግን አልጠፋም። የፖከር ተጫዋቾች በውድድሮች መካከል ባለው የእረፍት ሰዓትና ከጠረጴዛ ሲወጡ እርስ በርስ ይጫወቱታል። ክፍቱ ዓይነት ከተስፋፋ ወዲህ ደግሞ በእጅ ስልክ ላይ የሚጫወቱት ብዙ ናቸው፤ ሁሉም በየተራው አንድ ውሳኔ ብቻ ስለሚወስን ለስልክ የተመቸ ነው።

ገንዘብና ጥንቃቄ

የቻይና ፖከር የሚያዝናና መሆኑ አደጋ የለበትም ማለት አይደለም። በተለመደው ፖከር መጥፎ ካርታ የደረሰው ሰው በጥቂት ኪሳራ ወይም ያለ ኪሳራ ጥሎ ይወጣል። በቻይና ፖከር መውጫ የለም፤ ከመጥፎውም ካርታ ጋር እስከ መጨረሻው መጓዝ ግድ ነው። በአራት ሰው ጨዋታ በ1–6 አቆጣጠር አንድ ሰው ለሦስቱም ሙሉ በሙሉ ቢሸነፍ ጉርሻ ሳይታሰብ በአንድ ዙር 18 ነጥብ ይከፍላል። የአንድ ነጥብ ዋጋ 10 ብር ቢሆን ይህ 180 ብር ነው፤ ዙሩ ደግሞ የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው። «አንድ ነጥብ 10 ብር» ሲባል ትንሽ የሚመስለው ውል በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ ትልቅ ዕዳ ሊያድግ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

በአንዳንድ ቦታዎች ይህን ለማለዘብ ተጫዋቹ ካርታውን አይቶ እጅ እንዲሰጥ ይፈቀድለታል፤ በሦስቱም ረድፍ ከመሸነፍ ያነሰ የተወሰነ ነጥብ ከፍሎ ዙሩን ያልፋል። ከዚህ የሚሻለው መንገድ የነጥቡን ዋጋ ሲወስኑ በአንድ ነጥብ ሳይሆን በአንድ ዙር ሊደርስ በሚችለው ከፍተኛ ኪሳራ ማሰብ ነው። ጨዋታው ያለ ገንዘብም ጣዕሙን አያጣም፤ ለማሸነፍ ማስፈራራት የማያስፈልግ ስለሆነ ነጥብን በወረቀት መዝግቦ መጫወት ይቻላል። በሆልደም ግን የሚያጣው ነገር የሌለው ሰው ስለማይፈራ ያለ ገንዘብ ሲጫወቱት ውርርዱ ትርጉም ያጣል። ይህ በሁለቱ መካከል ካሉት ልዩነቶች ዋነኛው ነው።

ተዛማጅ ጨዋታዎች

የቅርብ ዘመዱ ፓይ ጋው ፖከር ነው። በዚህ ጨዋታ ተጫዋቹ 7 ካርታ ተቀብሎ 5 እና 2 አድርጎ በሁለት ይከፍላል፤ የ5ቱ እጅ ከ2ቱ መብለጥ አለበት። የሚያገለግለው ጆከር የተጨመረበት 53 ካርታ ሲሆን ውድድሩም በባንከሩና በእያንዳንዱ ተጫዋች መካከል ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 በካሊፎርኒያ የካርታ ክበብ ባለቤት የነበረው ሳም ቶሮሲያን እንደፈጠረው ይታወቃል፤ ስሙም ፓይ ጋው ከተባለው የቻይናውያን የዶሚኖ ጨዋታ የመጣ ነው። የቻይና ፖከርን መርህ የተረዳ ሰው ይህንን ለመልመድ አይቸገርም፤ በሁለቱም ዋናው ጥያቄ ያለውን ኃይል የት አከማችቶ የት ማካፈል እንደሚሻል ነው።